ደረሰኝ ያሉት ሁሉ

ይህን ነገር የነገረችኝ ወፍ ናት። ወፍን ደግሞ ማን ያምናል? እኔም መጀመሪያ አላመንኳትም። ወዲያ ወዲህ ብዬ ሳጣራ ግን ሌሎቹ ከእሷ የባሱ ሆነው አገኘኋቸው፤ ስለዚህ የእሷኑ ይዤ ቀረሁ። የሚሰማኝም እንደ እኔው እየተጠራጠረ ቢሰማ አይከፋኝም።

በሁለት ወንዞች መካከል አንድ ጫካ ነበር። በሥርዓት የሚተዳደር ጫካ ነው ይባል ነበር። በመካከሉ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ሰፊ መስክ አለ፤ ስሙ ክልክል ነው። መስኩ የንጉሡ የአንበሳ ስለሆነ ሣር የሚበላ ሁሉ እግሩን እንዳያስገባበት ታውጇል። አንበሳ ሣር አይበላም። የሣሩ ባለቤት ግን እርሱ ነበር፤ ሣር የሚበሉት ሁሉ ደግሞ ሣር አልነበራቸውም። ይህ ለምን እንደሆነ የጠየቀ አንድ አሮጌ ጎሽ ነበር ይላሉ። የጎሹን ስም ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

በጋው ሲጠና፣ ዳገቱ ሁሉ ሲነጣ ንጉሡ ይራራል። ርኅራኄው ችሮታ ይባላል። ዝንጀሮዎች ከክልክሉ ሣር ይነጫሉ፤ ጅቦች በጀርባቸው ተሸክመው ለየጎጡ ያደርሳሉ። ይህን ሁሉ የሚመራ አንድ የችሮታ አለቃ ይሾማል። ጅቦች ለምን ተሸካሚ እንደሆኑ ንጉሡ ራሱ በጉባኤ ተናግሯል፦ «ሣር የማይበላ ሣር አይሰርቅም» አለ። ጉባኤውም በዚህ ጥበብ ራሱን ነቀነቀ። እውነትም ጅብ ከዚያ ሣር አንዲት ሰበዝ ቀምሶ አያውቅም።

በጫካው ጽሕፈት ስለሌለ ማስረጃው ቃል ነበር። ጨረቃ ባለቀች ቁጥር ከክልክሉ ዳር፣ ከትልቁ ሾላ ሥር ጉባኤ ይቆማል። አፈ ንጉሥ የሚባለው ቀበሮ የየጎጡን ተጠሪ በየተራ እየጠራ «ደረሰህ?» ይላል። ተጠሪው «ደረሰኝ» ይላል። በቃ። ይህች ቃል ከአፍ ከወጣች ሣሩ ደርሷል ማለት ነው፤ የተናገራት ከሲታም ቢሆን፣ ቆሞ መናገር አቅቶት ተደግፎም ቢሆን ልዩነት የለውም።

አልደረሰኝም የሚል ቢመጣስ? እሱም ታስቦበታል፤ ሕጉ ቅን ነው። አልደረሰኝም ያለ ቅሬታው ይሰማለታል። ቅሬታ ሰሚው ደግሞ የተሸካሚዎቹ ሹም አያ ጅቦ ነው፤ ሣሩ የት እንደቀረ ከተሸከመው የተሻለ ማን ያውቃል? ስለዚህ ባለቅሬታው በእግሩ ወደ አያ ጅቦ ግቢ ሄዶ ድርሻውን ከዚያው ይወስዳል። የሄዱ ነበሩ። ከሄዱት መካከል ተመልሶ ያማረረ አንድም አልተገኘም፤ «ሣሩ ተመችቷቸው እዚያው ቀሩ» ይባል ነበር።

የወፏ ታሪክ የሚጀምረው የችሮታው አለቃ ከርከሮ በነበረበት ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ከርከሮ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ነገር በሆዱ የማይውል ነበር። አንድ ቀን በጉባኤ መካከል ተነሥቶ «ሣሩ ከደረሳቸው የጎድን አጥንታቸው እንዴት ይቆጠራል?» አለ። ቀበሮ በትሕትና «ጌታዬ፣ ይህ ጥያቄ ነው ወይስ ቅሬታ?» ብሎ ጠየቀው። ከርከሮ በቁጣው ቸኩሎ «ቅሬታ ነው እንጂ!» አለ። ቅሬታ ያለው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ሕጉን ሲያስፈጽም የኖረው እሱ ራሱ ነውና ሄደ። በማግሥቱ «አለቃው ጤናው ታውኮ ለዕረፍት ወጥቷል» ተባለ።

በቦታው እመት ጃርት ተሾመች። ቀበሮ ነው ያቀረባት፦ «ሥር ትቆፍራለች እንጂ ሣር አትበላም፤ ወገን የላትም፤ ንግግርም አታበዛም» ብሎ። ያልተናገረው ደግሞ ነበር። ጃርት ድሮም የእርሻ ሌባ የሚል ስም አላት፤ ነገሩ አንድ ቀን ቢፈነዳ ጣት የሚጠቆምባት ትሆናለች። ይህን እሷ ያልተረዳች መሰለው።

ሹመቱ በታወጀ ማግሥት ቀበሮ ከጉድጓዷ አፍ መጥቶ እጅ ነሳ።

«እመት ጃርት፣ እንኳን ደስ ያለዎት። መቼም ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል።»

«እኔ ሣር አልበላ፣ ምን ይቆጨኛል?»

«ኧረ ማን ስለ ሣር አወራ!» አለና ሣቀ። ከዚያ ሣቁን ቶሎ ዋጠው።

ጃርት ያን የተዋጠ ሣቅ አልረሳችውም። በመጀመሪያው ጉባኤዋ ዳር ተቀምጣ አዳመጠች። ጎሽ «ደረሰኝ» አለ። ቆርኬ «ደረሰኝ» አለ። ጥንቸልም፣ ሚዳቋም፣ ድኩላም እንዲሁ አሉ። ሁሉም በአንድ ዜማ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነው የሚሉት። ንጉሡ በዜማው እያንቀላፋ ነበር። ጃርት የተናጋሪዎቹን አፍ ትታ ሆዳቸውን ተመለከተች፤ ሆዳቸው ሌላ ነገር ይናገር ነበር።

ለማንም አላዋየችም፤ ማንን ታምናለች? ዝንጀሮዎቹ ወሬ አይቋጥሩም፣ ቀበሮ ሁለት ጆሮውን ለሁለት ጌታ ያከራየ ነው። ስለዚህ አንዲት ነገር ብቻ አደረገች። ዝንጀሮዎቹን «ክልክሉ ያገግም፤ በዚህ ጨረቃ አትንጩ» አለቻቸው። አያ ጅቦንም አስጠርታ «በዚህ ጨረቃ የምትሸከመው የለህም፤ ነገሩም በእኔና በአንተ መካከል ይቅር» አለችው። አያ ጅቦ ትንሽ አያትና «እንዳልሽ፣ እመት» ብሎ ሄዶ ተኛ። ያን ጨረቃ ከክልክሉ አንዲት ሰበዝ አልወጣችም።

ጉባኤው ቆመ። ቀበሮ ጠራ። ጎሽ «ደረሰኝ» አለ። ቆርኬ «ደረሰኝ» አለ። ጥንቸል፣ ሚዳቋ፣ ድኩላ፣ ሁሉም ያልታጨደው ሣር ደረሳቸው። በመጨረሻ ንጉሡ እንደ ወጉ «አድራሹስ?» ሲል አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ «በጀርባዬ ተሸክሜ አድርሻለሁ፣ ጃንሆይ» አለ።

ጉባኤው ሲበተን አያ ጅቦ ከጃርት ጎን ሆኖ ማዝገም ጀመረ። ደስ ብሎታል። «እመት፣ ሆድሽ ሰፊ ነው» አላት። «ያ ከርከሮ እንዲህ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አብሮን ይበላ ነበር።»

አብሮ ያልበላ ምን እንደሚሆን መጠየቅ አላስፈለጋትም። ግን ፈራች። እስከዚያች ቀን ድረስ የምትጠረጥረው ሌሎችን ነበር፤ አሁን የአንድ ጨረቃ ሣር ያስቀረች እሷ ራሷ ናት፤ ይህንንም የሚያውቀው ጅብ ብቻ ነው። ወጥመዱን ስታጠምድ አንድ እግሯን ውስጡ ትታ ነበር።

በበነጋታው ድኩላዋ ወደምትኖርበት ገደል ሥር ወረደች። ድኩላዋ ከቁጥቋጦ ሥር ቆማለች፤ ትንሽ ግልገል ከኋላዋ ተሸጉጣለች። ድኩላዋ የጃርትን ፊት አላየችም፤ ያየችው ከጃርት ኋላ የሚመጣ ይኖር እንደሆነ ነው።

«ብቻዬን ነኝ» አለች ጃርት።

«ብቻችንን ነን የሚሉ ብዙ አይተናል፣ እሜቴ። ልጄን ሊወስዱ ነው?»

«ልጠይቅሽ ነው። ትናንት ደረሰኝ ብለሻል። ባለቀችው ጨረቃ ግን ሣር አልታጨደም።»

ድኩላዋ አልደነገጠችም። «ታጨደ አልታጨደ እኛ በምን እናውቃለን? ለእኛ ሁልጊዜም አንድ ነው።»

«ታዲያ ለምን ደረሰኝ ትያለሽ?»

«አልደረሰኝም ያለ ወዴት እንደሚሄድ እርስዎ ያጡታል?» ድኩላዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አምና ታላቂቱ ልጄ፣ ልጅነት ይዟት፣ እኔ ሄጄ ድርሻችንን አመጣለሁ አለች። ብለምናት እምቢ አለችኝ። ወደ አያ ጅቦ ግቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ሣር ተበትኖ ነበር። እየለቀመች፣ እየበላች ስትሄድ ከዚያ ጉብታ ላይ ሆኜ አያታለሁ። ደስ ብሏት ነበር፣ እሜቴ። ጅራቷን እያወዛወዘች ነበር የሄደችው።»

ድኩላዋ ወደ ኋላዋ ዞራ ግልገሏን አየቻት።

«ይህችኛዋ ትንሿ ናት። ወተቴ ነጥፏል። በሚመጣው ጉባኤ ደረሰኝ ብል በረሃብ ትሞትብኛለች። አልደረሰኝም ብል እኔ እሄዳለሁ፣ እሷም ተከትላኝ ትመጣለች። የቱን ልበል? የችሮታው አለቃ እርስዎ ነዎት፤ ይንገሩኝ።»

ጃርት «እንግዲያ እስከ ዛሬ ከችሮታው ምንም አልደረሰሽም?» አለቻት።

«ደረሰብኝ እንጂ ምን ደረሰኝ!» አለች ድኩላዋ በምሬት።

ጃርት ከዚያ ተነሥታ ያመራችው ወደ አያ ጅቦ ግቢ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፤ ጅብ ቀን ይተኛል። ጃርትን ደግሞ ጠግቦ የሚውጣት የለም፤ ተርቦ ቢውጣትም እሾኋ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። እንዲህ እያለች ራሷን አጽናናች።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይኸኛው ጅብ በሚያውቁት አገር ሆኖ ሣር ያነጥፍ ነበር። ከበሩ ጀምሮ መንገዱ ሁሉ ሣር ተበትኖበታል። ውስጥ ስትገባ የየዓመቱ ችሮታ እንደ ክምር ተቆልሎ አየች፤ የታችኛው ጠቁሮ በስብሷል፣ የላይኛው ገና ቢጫ ነው። ከክምሩ ማንም አልበላም። የሰረቀውም የለም። ከክምሩ ኋላ ግን አጥንት ነበር፤ ትልቁም ትንሹም፣ ቀንድ ያለውም ቀንድ ገና ያላወጣውም። የከርከሮ ሁለት ክራንቻዎች ከአንድ ድንጋይ ጥግ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እነሱን ስታይ ከዚህ በላይ የሚታይ የለም ብላ ልትመለስ ነበር።

ግን አንድ ነገር አየች። ከጥላው ሥር፣ ከሌላው ተለይቶ፣ ማንም ያልነካው ሙሉ ታፋ በንጹሕ ቅጠል ተሸፍኖ ተቀምጧል። ለክብር እንግዳ የሚቀመጥ ዓይነት ነው። ከታፋው ሥር አንድ መንገድ ይጀምራል፤ ከመመላለስ ብዛት ሣር የማይበቅልበት፣ የጠነከረ መንገድ ነው። ጃርት በዓይኗ ተከተለችው። መንገዱ ወንዙን ይዞ ይወጣና ከንጉሡ ዋሻ በስተጓሮ ይገባል።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባት። ችሮታው አልጠፋም፤ ንጉሡ እንዲደርስ የፈለገበት ቦታ አንድም ቀን ሳይስት ይደርስ ነበር። ከክልክሉ ሣር ሆኖ ይወጣል፤ ወደ ንጉሡ ማዕድ ሥጋ ሆኖ ይመለሳል። ስትሾም ጀምሮ ሌባ ስትፈልግ ነበር። ሌባ ቢሆንማ እንዴት ደግ ነበር!

ወደ ገደሉ ሥር ስትመለስ የምትናገረውን አዘጋጅታ ነበር። ድኩላዋ ግን ፊቷን አየችና «አይንገሩኝ» አለቻት። ከዚያም ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ግልገሏ እናቷ ለምን እንደምታለቅስ ስላልገባት የእናቷን ፊት ትልስ ነበር። ጃርትም ልቧ ተነካ፤ ጃርት ማቀፍ አትችልምና ጎኗ ተቀመጠች።

ቆይታ «ያልሽውን ቃል ታስታውሻለሽ?» አለቻት። «ደረሰብኝ ያልሽውን። ሕጉ ደረሰኝ ያለውን ያውቃል፤ አልደረሰኝም ያለውንም ወዴት እንደሚልክ ያውቃል። ደረሰብኝ ያለውን ግን የሚልክበት የለውም።»

«ብቻዬን ነው የምለው?»

«ብቻሽን ካልሽው ተሳስታ ነው ይላሉ። ለሌሎቹም ንገሪያቸው፤ የደረሰባቸውን ይናገሩ። ውሸት በሉ አላልኳችሁም።»

ድኩላዋ አተኩራ አየቻት። «እርስዎስ ያን ቀን ምን ይላሉ?»

«ከተጠየቅሁ እመልሳለሁ።»

ይህ መልስ ለድኩላዋ አልበቃትም። እኔም ብሆን አይበቃኝም። ጃርት ግን ሌላ መልስ አልነበራትም፤ የአለቃ መልስ መቼም እንዲሁ ነው።

ጨረቃ አለቀች። ጉባኤው ከሾላው ሥር ቆመ። ንጉሡ ገና ሳይጀመር ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ቀበሮ ጎሹን ሊጠራ አፉን ሲከፍት ጃርት «ዛሬ ከትንንሾቹ ይጀመር» አለች። አለቃ ናትና ማን ይከለክላታል።

«ድኩላ፣ ደረሰሽ?»

«ደረሰብኝ» አለች ድኩላዋ።

ቀበሮ ጆሮው ተነቃነቀ። ቶሎ ብሎ «ደረሰኝ ብላለች፣ ጃንሆይ» አለና ወደሚቀጥለው ዞረ። «ሚዳቋ፣ ደረሰሽ?»

«ደረሰብኝ።»

«ጥንቸል?»

«ደረሰብኝ።»

ቆርኬ አንገቱን ቀና አድርጎ «ደረሰብኝ» ሲል ንጉሡ አንድ ዓይኑን ገለጠ። በስተመጨረሻ ጎሹ፣ የዚያ ስሙ የተረሳው አሮጌ ጎሽ ልጅ፣ ሳይጠራ ወደ ፊት ወጥቶ በዚያ ወፍራም ድምፁ «ደረሰብኝ!» አለ። ንጉሡ ሁለተኛውንም ዓይን ገለጠው።

«አፈ ንጉሥ፣ ዜማው ተበላሸብኝ። ስለዚህ ቃል ሕጉ ምን ይላል?»

ቀበሮ ዙሪያውን አየ። «ዝም ይላል፣ ጃንሆይ።»

አያ ጅቦ ነገሩን ሊያቃልል ፈልጎ ሣቅ እያለ ገባበት። «ምላሳቸው ተሳስሮ ነው እንጂ ሌላ አይደለም፣ ጃንሆይ። የተራበ ምላስ አንዳንዴ ይስታል።»

«ምን የተራበ?» አለች ጃርት። «አድርሻለሁ ስትል አልነበረም?»

አያ ጅቦ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ከወዲያ በኩል አንድ ሁለት ሣቅ ተሰማ። በዚያ ጉባኤ ከንጉሡ ሹማምንት በቀር የሣቀ ኖሮ አያውቅም ነበር።

ቀበሮ ወደ ጃርት ተጠግቶ በጆሮዋ «ጅቡን ይስጡ፣ እመት። ጅቡን ብቻ ይስጡና ይዳናሉ፤ ንጉሡም ፍትሐዊ ይባላል» አላት። ምክሩ ብልህ ነበር። ጅቡ ይቀጣል፣ ሌላ ጅብ ይሾማል፣ ችሮታው ይቀጥላል፤ እሷም በጉድጓዷ በሰላም ትኖራለች። እንቢ ብትል ደግሞ የአንድ ጨረቃ ሣር ያስቀረች ሌባ እነሆ ይላሉ። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ ለማሰብም ጊዜ ወሰደች። ከዚያ ያ በንጹሕ ቅጠል የተሸፈነ ታፋ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት።

ንጉሡ አልጮኸም። ዝግ ባለ ድምፅ «አለቃዋ አንቺ ነሽ» አላት። «ችሮታዬ የት ደረሰ?»

«ችሮታዎ አልጠፋም፣ ጃንሆይ» አለች ጃርት። «የደረሰበት ደርሰንበታል።»

«ደርሰንበታል?» አለ አንበሳ። «እነማን?»

አንበሳ ቀና ብሎ ጉባኤውን አየ። ከዚያ በፊት ያያቸው ሁልጊዜ አጎንብሰው ነበር፤ ዛሬ ዓይናቸውን ነው ያየው። ከንፈሩን ላሰ። ምን እንደቀመሰ የሚያውቅ እሱ ነው።

ያን ጊዜ ድኩላዋ አንድ ነገር አደረገች፤ ለንጉሡ ጀርባዋን ሰጠች። በሥርዓቱ ይህ በሞት የሚያስቀጣ ነው። ግልገሏን በአፍንጫዋ ገፋ እያደረገች ከሾላው ጥላ ወጣች፤ የክልክሉን ድንበር ተሻግራ ገባች። ጅቦቹ ንጉሡን አዩ። ንጉሡ ጎሾቹን አየ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከመስኩ ውስጥ የግልገሏ አፍ ሣር ሲነጭ፣ ጥርሷም ሲያኝክ ይሰማ ነበር፤ ያ ድምፅ እስከ ንጉሡ መቀመጫ ድረስ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር ሁለት ሰው አንድ ነገር አይነግራችሁም። የአንበሳ ወገኖች ንጉሡ የግልገሏን ረሃብ አይቶ ራርቶ ክልክሉን በገዛ ፈቃዱ ከፈተ ይላሉ። ቀበሮ «ደረሰብኝ» የምትለዋን ቃል በምሥጢር ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ ይላል፤ ዛሬም አፈ ንጉሥ ነው አሉ፤ የማን አፍ እንደሆነ ግን አልተጣራም። አያ ጅቦ ጤናው ታውኮ ለዕረፍት ወጥቷል ተብሏል። እኔ አንዱንም አልቀበልም።

በመጨረሻ ወፏን ራሷን ያዝኳት። «አሁን የክልክሉን ሣር የሚያከፋፍለው ማን ነው?» አልኳት።

«እመት ጃርት ናት።»

«ለሁሉም ይደርሳል?»

«ጨረቃ ባለቀች ቁጥር ከሾላው ሥር ይሰበሰባሉ። ደረሰኝ ይላሉ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«በአንድ ዜማ?»

ወፏ ላባዋን ማበጠር ጀመረች።

«ድኩላዋስ?» አልኳት። «እሷስ ምን ትላለች?»

ወፏ ክንፏን ዘረጋችና መልስ ሳትሰጠኝ ወደ ጫካው በረረች። እስካሁን አልተመለሰችም። እንግዲህ ተረቴ ይኸው ነው፤ ሰምታችሁ ስታበቁ ብቻ፣ አደራችሁን፣ ደረሰኝ አትበሉኝ።